የእንቁላል ቅርፊት አይጣልም፦ ከካፌ ባልዲ እስከ ዶሮ መኖና ጓሮ

ከስታዲየም እስከ አራት ኪሎ ካፌና ኬክ ቤት ያላችሁ ሰዎች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፦ «ይሄን ሁሉ የእንቁላል ቅርፊት ምን እናድርገው?» ሆቴል ኩሽና የምትሠሩ ደግሞ የሽሪምፕ ቅርፊት ትጨምሩበታላችሁ። ውጭ አገር ከሸርጣንና ከሽሪምፕ ቅርፊት ውድ ዕቃ ሲወጣ በቪዲዮ አይታችሁ «እኛስ?» ትላላችሁ። ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ፣ ሙሉ አሠራሩን እዚህ ላስቀምጠው።

ባሕር ያላቸው አገሮች ለእንቁላል ጣይ ዶሮ ኦይስተር የሚባለውን የባሕር እንስሳ ቅርፊት ሰባብረው ይሰጣሉ። የእንቁላል ቅርፊት 95 በመቶ ገደማው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። የኦይስተር ቅርፊትም፣ ለመኖ የሚሸጠው የኖራ ድንጋይ ዱቄትም ዋና ነገራቸው ይኸው ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ መሃል ላይ ሆነን ባሕር አንናፍቅም፤ በየኬክ ቤቱ ጓዳ የሚጣለው ያው ነው።

ልዩነት የሚያመጣው የቅንጣቱ መጠን ነው። ደቀቅ ያላለው ለዶሮ ይሆናል፣ የላመው ለአፈር። ይህን ሳይለዩ ሁሉንም አንድ ላይ መፍጨት ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል። ከታች ያሉት ደረጃዎች አብዛኞቹ ለዚህ ሲባል የተቀመጡ ናቸው።

ምን ያህል ይወጣል?

የአንድ መካከለኛ እንቁላል ቅርፊት ከ5 እስከ 6 ግራም ይመዝናል። 30 እንቁላል ከሚይዘው ትሪ አሥሩን የሚጨርስ ኬክ ቤት 1 ኪሎ ተኩል ገደማ ደረቅ ቅርፊት ይሰጣችኋል። ከአንድ ቤት ብቻ ብዙ አትጠብቁ። አራት አምስት ጎረቤት ቤቶች ሲሰባሰቡ ነው ሥራ የሚሆነው።

ጾምንም አስቡበት። ረቡዕና ዓርብ ቅርፊቱ ይቀንሳል፣ በሁዳዴ ደግሞ ብዙ ቤት ጭራሹኑ እንቁላል አይሰብርም። ቋሚ ደንበኛ ከያዛችሁ ከሁዳዴ በፊት ማጠራቀም አለባችሁ። ደርቆ የተቀመጠ ቅርፊት ለወራት አይበላሽም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ክዳን ያላቸው ባልዲዎች፣ ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ሁለት (አንዱ ሲሞላ ሌላው ይቀመጣል)
- ትልቅ ድስት
- ሰፊ የብረት ትሪ
- ሙቀጫና ዘነዘና
- ሁለት ወንፊት፦ አንድ ዓይኑ ሰፋ ያለ (4 ሚሊሜትር ገደማ)፣ አንድ የዱቄት ወንፊት
- የኩሽና ሚዛን
- ማስክ፣ ጓንት፣ ሙቀጫ መሸፈኛ ጨርቅ
- የሚዘጋ ከረጢት ወይም ባልዲ፣ ማርከርና ወረቀት
- ለተክል የሚረጭ ካልሲየም ለመሥራት ከፈለጋችሁ አቼቶ

ሙቀጫው ለዚህ ሥራ ብቻ ይሁን። የቡና መፍጫ ማሽን ደግሞ አትጠቀሙ። የቅርፊቱ ጠረን ከቡናው አይወጣም።

ደረጃ 1፦ ከምንጩ ለይታችሁ ሰብስቡ

ባልዲው ውስጥ ቅርፊት ብቻ መግባት አለበት። ሶፍት፣ የቡና አተላ፣ የኬክ ክሬም ከገባበት ማጠቡ ራሱ ከጥቅሙ ይበልጣል። ለባለቤቱ ብቻ ነግራችሁ አትሂዱ። እንቁላሉን የሚሰብረው ሰው ሌላ ነው፤ እሱን ወይም እሷን አናግሩ።

አንድ ነገር ጠይቋቸው፦ ቅርፊቱን አንዱን በአንዱ ውስጥ አይሰኩት። ኩሽና ውስጥ እጅ የለመደው እንደዚያ ነው፣ ቦታም ይቆጥባል። ግን በተሰካካው ቅርፊት መሃል የቀረው ነጭ ፈሳሽ ውሃ አይደርሰውም። በማግስቱ ስትለያዩት ተጣብቆ ታገኙታላችሁ፤ ሽታውም የሚነሳው ከዚያው ነው።

በየቀኑ አንሱ። ባይሆን ቢበዛ በሁለት ቀን። ከዚያ ካለፈ ዝንብ ይመጣል፣ ባለቤቱም «ውሰዱልኝ» ማለቱን ይተዋል።

ማታ ማታ መንገድ ላይ የተቀቀለ እንቁላል የሚሸጡ ልጆችም ጥሩ ምንጭ ናቸው። የእነሱ ቅርፊት ነጭ ፈሳሽ የለበትም። ጨውና ሚጥሚጣ ግን ሊነካው ስለሚችል በደንብ ይለቅለቅ።

ደረጃ 2፦ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡ

ቀዝቃዛ ያልኩት በምክንያት ነው። ሙቅ ውሃ ቅርፊቱ ላይ የቀረውን ነጭ ያበስለዋል። ከበሰለ በኋላ አይለቅም። ሰፊ ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፉ፣ በእጅ አማሱ፣ ውሃውን ድፉ፣ ድገሙ። ውሃው አረፋ መያዙን ሲተው በቂ ነው። ሳሙናም በረኪናም አያስፈልግም፤ ለዶሮ የሚሰጥ ነገር ላይ ባይነኩ ይመረጣል።

ከውስጥ ያለውን ስስ ሽፋን ለማውጣት አትታገሉ። ፕሮቲን ነው፣ ዶሮዋን አይጎዳትም። ሲደርቅ ብዙው በራሱ ይላቀቃል።

የመጀመሪያውን እጣቢ ማጥለያ ሳታደርጉ ሲንክ ውስጥ አትድፉ። ስባሪውና ሽፋኑ ተደርቦ ቱቦ ይዘጋል። ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ የሚዘጋው የእናንተ ቱቦ ብቻ አይደለም፣ የታች ጎረቤት ቤት ይሞላል።

ደረጃ 3፦ ቀቅሉ

ጥሬ ቅርፊት ላይ ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። ከሌላ ሰው ዶሮ የመጣ ቅርፊት ደግሞ በሽታ ከአንዱ በረት ወደ ሌላው ሊያሻግር ይችላል። ስለዚህ ይህ ደረጃ አይዘለልም። ፀሐይ ላይ የሰነበተ ቅርፊትም ቢሆን መቀቀል አለበት። ፀሐይ ያደርቃል እንጂ ተማምነን የምንሸጠው ነገር አያደርግልንም።

ድስቱን እስከ ግማሽ በቅርፊት ሙሉ፣ ውሃ እስኪሸፍነው ጨምሩ። መፍላት ከጀመረ በኋላ 15 ደቂቃ ቁጠሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ስለምትገኝ፣ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ያ ሙቀት ለሳልሞኔላ ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ ክምሩ መሃል ላይ ያለው ዘግይቶ መሞቁ ነው። ለዚህ ነው ደቂቃውን ረዘም ያደረግሁት። በየመሃሉ አማስሉት።

ደረጃ 4፦ አድርቁ

አጥልላችሁ ትሪ ላይ በስሱ ዘርጉ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ፀሐያማ ወቅት ሰገነት ወይም በረንዳ ላይ ማስጣት ይበቃል። ቁራና ድመት እንዳይደርስበት መረብ ጣል አድርጉበት።

ክረምት ላይ ፀሐይ አትጠብቁ። ኦቭን ያለው በ120 ዲግሪ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያቆየው። ኦቭን ከሌለ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ። እንጀራ ተጋግሮ ሲያልቅ ምጣዱ ገና ትኩስ ነው። ቅርፊቱን በብረት ትሪው ላይ እንደተዘረጋ ምጣዱ ላይ አስቀምጡት፤ ሶኬቱ ይነቀል። ክዳኑን ገርበብ አድርጉለት፣ እንፋሎቱ ይውጣ። ያለበለዚያ የሚባክነው ሙቀት ሥራ ይሠራላችኋል፣ ተጨማሪ መብራትም አትከፍሉም። ቅርፊቱን በቀጥታ ምጣዱ ላይ ግን አታድርጉ፤ ምጣዱን ይጭረዋል፣ ጠረኑም እንጀራው ላይ ይመጣል።

መድረቁን በጣት እወቁ። አንዱን ስባሪ አንስታችሁ ስትጫኑት «ቀጭ» ብሎ መሰበር አለበት። ከታጠፈ ወይም ስሱ ሽፋን ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ ገና ነው። በደንብ የደረቀ ሽፋን እንደ ወረቀት እየተነሳ ይበናል። እርጥብ ቅርፊት ወቅጣችሁ ብታሽጉት ከረጢቱ ውስጥ ይሻግታል።

ደረጃ 5፦ ውቀጡ፣ ንፉ፣ ለዩ

ማስክ አድርጉ። ሙቀጫውን ዘነዘናው በሚያልፍበት በተቀደደ ጨርቅ ሸፍኑ። ብናኙ መርዝ አይደለም፤ ግን ጉሮሮና ሳንባ ያስቆጣል፣ አስም ያለበት ሰው ደግሞ ከነጭራሹ ባይሠራው ይሻላል። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደረጃ ላይ ወይም በረንዳ ላይ አትውቀጡ። ኮሚናል ቤቱ ካለ እዚያ፣ ቀን ቀን ሥሩት።

ትንሽ ትንሽ እያደረጋችሁ ውቀጡና በሰፊው ወንፊት ንፉ። ያላለፈው ተመልሶ ይወቀጥ። ያለፈውን በዱቄት ወንፊት ንፉት። አሁን ሁለት ክምር አላችሁ፦

ሀ. ዱቄት ወንፊት ላይ የቀረው። የምስር ክክ የሚያህለው ከዚህ ይገኛል። የዶሮ ነው።

ለ. ወንፊቱን ያለፈው የላመ ዱቄት። የአፈር ነው።

የምን መጨነቅ ነው እንዳትሉኝ። ዶሮ እንቁላሏን ቅርፊት የምታለብሰው በአብዛኛው ሌሊት ነው። ያኔ መኖ አትለቅምም። ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር የሚሆነው ስባሪ ምግብ በሚፈጨው ጨጓራዋ ውስጥ ይቆይና ሌሊቱን ቀስ እያለ ይሟሟል። የላመው ዱቄት ቶሎ ያልፋል፤ በሚያስፈልጋት ሰዓት አያገኛትም። አፈር ደግሞ ተቃራኒውን ይፈልጋል። ትልልቅ ስባሪ አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሟሟ ይቀመጣል።

ደረጃ 6፦ ለዶሮ አሰጣጥ

እንቁላል የምትጥል ዶሮ በቀን 4 ግራም ገደማ ካልሲየም ያስፈልጋታል። በአንድ እንቁላል ቅርፊት ላይ ብቻ 2 ግራም አካባቢ ታወጣለች። ከመኖዋ ካላገኘች ከአጥንቷ ትወስዳለች። ቅርፊቱ የሳሳ፣ ሲነኩት የሚሰበር እንቁላል የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

ስባሪውን ከመኖው ጋር አትቀላቅሉ። ለብቻው ዕቃ ላይ ሁልጊዜ እንዲኖር አድርጉ፤ የሚያስፈልጋትን እሷው ትለቅማለች። በተለይ የተዘጋጀ የእንቁላል ጣይ መኖ የምትገዙ ከሆነ ካልሲየም ቀድሞ ገብቶበታል። በላዩ ብትቀላቅሉበት ይበዛል።

በቆሎ፣ ፍሩሽካና ፋጉሎ ገዝታችሁ መኖውን ራሳችሁ የምታዘጋጁ ከሆነ ቅርፊቱ የኖራ ድንጋዩን መተካት ይችላል። ለእንቁላል ጣይ፣ በ100 ኪሎ መኖ ውስጥ ከ8 እስከ 9 ኪሎ ደረቅ ቅርፊት የተለመደውን የካልሲየም መጠን ያመጣል። ፎስፈረስ ግን የለውም ማለት ይቻላል፤ እሱን ከሌላ ምንጭ ማሟላት የግድ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ለጫጩትና ገና እንቁላል ላልጀመረች ቄብ አትስጡ። የበዛ ካልሲየም ኩላሊታቸውን ይጎዳል። መስጠት የሚጀመረው እንቁላል መጣል ሲጀምሩ ነው። ግማሽ ቅርፊት ሳይደቅ አትወርውሩላቸውም፤ እንቁላል መስሎ የሚታይ ነገር መብላት የለመደች ዶሮ የራሷን እንቁላል መስበር ልትጀምር ትችላለች።

ደረጃ 7፦ ለአፈር አጠቃቀም

የላመው ዱቄት የአፈርን አሲድ ይቀንሳል። ወደ ሆለታ በኩል እንደሚገኘው አሲዳማ ቀይ አፈር ላይ ይጠቅማል። አፈራችሁ አሲዳማ ካልሆነ ግን ምንም አይጨምርላችሁም፣ ሊጎዳም ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ አፈሩን አስመርምሩ።

አሲዳማ ከሆነ ለ1 ካሬ ሜትር ከ100 እስከ 200 ግራም በትኑና እስከ 15 ሴንቲሜትር ጥልቀት ቆፍራችሁ አዋህዱት። ከመትከላችሁ ሁለት ሦስት ወር በፊት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ለመሥራት ጊዜ ይፈልጋል። ከዩሪያ ወይም ከትኩስ ፍግ ጋር በአንድ ቀን አታድርጉት። ናይትሮጅኑ ወደ ጋዝ ተለውጦ ይተናል፤ የማዳበሪያው ገንዘብ አየር ላይ ቀረ ማለት ነው።

ቲማቲም ከታች በኩል ጠቁሮ ሲበሰብስ «ቅርፊት ነስንሱበት» የሚል ምክር ሰምታችኋል። ችግሩ የካልሲየም እጥረት መሆኑ እውነት ነው። ግን አብዛኛውን ጊዜ አፈሩ ውስጥ ካልሲየም ጠፍቶ አይደለም። አንድ ቀን ጎርፍ፣ አንድ ቀን ድርቅ የሆነ ውሃ አጠጣጥ ነው ወደ ፍሬው እንዳይደርስ የሚያደርገው። መጀመሪያ ውሃውን አስተካክሉ።

ደረጃ 8፦ ቶሎ የሚሠራ ካልሲየም በአቼቶ

በረንዳ ላይ ሰላጣ፣ ቃሪያና ቲማቲም ለምትተክሉ ይህኛው ይመቻል። አቼቶ ካልሲየሙን ያሟሟዋል፣ ቅጠሉ ላይ መርጨት ይቻላል።

1. ደረቅ ስባሪ ቅርፊት መጥበሻ ላይ ቡናማ እስኪል አመስ አድርጉ። ሽፋኑ ስለሚቃጠል ፈሳሹ አይሸትም። መስኮት ክፈቱ።
2. በ1 ሊትር 5 በመቶ አቼቶ 40 ግራም ቅርፊት ለኩ። የሰባት ስምንት እንቁላል ቅርፊት ነው። ከዚህ ቢበዛ አቼቶው አይበቃውም፣ ትርፉ ሳይሟሟ ይቀራል። ጠርሙሱ ላይ 4 በመቶ ከተባለ 33 ግራም ይበቃል።
3. አፉ ሰፊ በሆነ የመስታወት ወይም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ቅርፊቱን ጥቂት በጥቂት ጨምሩ። አንድ ላይ ከተገለበጠ አረፋው ገንፍሎ ይወጣል። የብረት ዕቃ አይሆንም፣ አሲዱ ይበላዋል።
4. አፉን በስስ ጨርቅ ብቻ ሸፍኑ። በፍጹም አትክደኑ። ከአንድ ሊትር አቼቶ ከ10 ሊትር በላይ ጋዝ ይወጣል። የተከደነ ጠርሙስ ይፈነዳል።
5. አረፋው እስኪቆም አንድ ሁለት ሳምንት ተውት። መጨረሱን ለማወቅ ትንሽ ቅርፊት ጣል አድርጉበት። ከተንተከተከ አሲድ ቀርቷል፣ ጥቂት ጨምሩ። ዝም ካለ አልቋል።
6. አጥልላችሁ አስቀምጡ። ስትረጩ በ5 ሊትር ውሃ 10 ሚሊ ሊትር ብቻ በጥብጡ። ጠዋት ማለዳ ወይም ማታ ይረጭ። ቀትር ላይ ከሆነ ቅጠሉ ይለበልባል።

የሽሪምፕ ቅርፊት ላላችሁ

የሽሪምፕ ቅርፊት ከእንቁላል የሚለየው ካይቲን የሚባል ነገር ስላለው ነው። ቪዲዮው ላይ የምታዩት ውድ ምርት ካይቶሳን ከዚሁ ነው የሚወጣው። ማዕድኑን በአሲድ፣ ፕሮቲኑን በኮስቲክ ሶዳ ያስወግዳሉ፤ ከዚያ እጅግ ጠንካራ በሆነ ትኩስ ኮስቲክ ሶዳ ይቀቅሉታል። ይህ የፋብሪካና የላብራቶሪ ሥራ ነው። ኩሽና ውስጥ አትሞክሩት። ትኩስ ኮስቲክ ሶዳ ዓይን ያሳውራል፣ የሚተርፈውን ፈሳሽም የትም መድፋት አይቻልም።

እናንተ ማድረግ የምትችሉት ይህን ነው። ቅርፊቱ በሰዓታት ውስጥ ስለሚበላሽ ወዲያው ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት። ሲጠራቀም ለ30 ደቂቃ ቀቅላችሁ መረቅ አውጡበት፤ ሾርባ የሚሠራ ሼፍ ዋጋውን ያውቀዋል። የተረፈውን አድርቁና ሰባብራችሁ ኮምፖስት ውስጥ ቢያንስ 20 ሴንቲሜትር ወደታች ቅበሩት። ከላይ ከተተወ ውሻና ድመት ቆፍረው ያወጡታል። ናይትሮጅን አለው፣ ካይቲን የሚመገቡ የአፈር ተሕዋስያንንም ያበዛል።

ከእንቁላል ቅርፊት ጋር አትቀላቅሉት። ሽታው ሁሉንም ይይዛል። ሽሪምፕ አለርጂ ያለበት ሰው ደግሞ ብናኙ ብቻ ትንፋሽ ሊያሳጥረው ይችላል። በሃይማኖቱ ምክንያት ሽሪምፕ ቤቱ የማያስገባ ደንበኛም ብዙ ነው። የገዛው ነገር ምን እንደሆነ የማወቅ መብት አለው።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

«ኖራ ልሥራ» ብሎ ቅርፊት ማቃጠል። ቅርፊት ወደ ተቃጠለ ኖራ የሚለወጠው ከ800 ዲግሪ በላይ ነው። ከሰል ላይ ብታነዱት ጭስና ሽታ ብቻ ነው ትርፉ። ቢሳካም የሚወጣው ቆዳ የሚያቃጥል ነገር ነው። በተመሳሳይ፣ ለግንባታ የሚሸጠውን የተቃጠለ ኖራ ለዶሮ አትስጡ። ለመኖ የሚሆነው ያልተቃጠለው የኖራ ድንጋይ ነው።

ለሰው ካልሲየም ብሎ መሸጥ። ጥያቄው ስለሚበዛ በግልጽ ልናገር፦ ከካፌ ባልዲ የተሰበሰበ ቅርፊት የሰው ምግብ አይደለም። ለዚያ የላብራቶሪ ምርመራና ፈቃድ ያስፈልጋል።

ትኩስ ዱቄት ማሸግ። ከትሪው ሳይበርድ ከረጢት ከገባ እንፋሎቱ ውስጥ ይቀርና ይረጥባል። ሌሊቱን ክፍት ትሪ ላይ ይደር።

በዱቄቱ ቴፍሎን መፈተግ። የአሉሚኒየም ድስት ጥቀርሻ ጥሩ አድርጎ ያነሳል። ቴፍሎን ግን ይጭራል።

ያለ ምልክት ማስቀመጥ። ሁለቱ ክምሮች ከረጢት ውስጥ ሲገቡ ይመሳሰላሉ። እያንዳንዱ ከረጢት ላይ «የእንቁላል ቅርፊት»፣ የተቀቀለበትን ቀን፣ ክብደቱንና «ለእንቁላል ጣይ ዶሮ ብቻ» ወይም «ለአፈር» የሚለውን ጻፉ። የዶሮው ላይ ከሥር «ለጫጩት አይሰጥም» ይጨመርበት። ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ክረምት ላይ ወለልና ግድግዳ እርጥበት ይሰጣሉ።